አሳማን የማንበላው ስለማይጠቅም ነውን?



በደብረ ብርሃን ሥጋ ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ሥጋ ቤት ያገኛል። በአንዱ በር ላይ ጨረቃና ኮከብ፣ በሌላው ላይ መስቀል ተስሎ ይታያል። ሙስሊሙ ወደ አንደኛው፣ ክርስቲያኑ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። በሬው ከአንድ ገበያ የተነዳ፣ በጉም ከአንድ የመንዝ መስክ የመጣ ሊሆን ይችላል። የለያቸው በሚታረዱበት ጊዜ የተጠራው ስም ነው። በሥጋ ይህን ያህል የተለያዩት ሁለቱ ጎረቤቶች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ። በሁለቱም ቤት የአሳማ ሥጋ አይሰቀልም።

እንዲህ ያለው ስምምነት በዓለም ላይ ብዙም አይገኝም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በፊሊፒንስ የሚኖረው ክርስቲያን አሳማን ያረባል፣ ይበላል። በእኛ አገር ግን አንድ ሰው አሳማ አልበላም ስላለ ብቻ ሃይማኖቱ አይታወቅም።

ለመሆኑ ልጆቻችን "ለምን አንበላም?" ብለው ሲጠይቁን ምን እንመልሳለን? አብዛኞቻችን አንድ የለመድነው መልስ አለን። "ቆሻሻ ነው፣ ትል አለበት፣ በሽታ ያመጣል፣ ለሰውነት አይጠቅምም" እንላለን። በየጊዜው እጃችን የሚገቡ ትናንሽ ጽሑፎችም አሳማ ይህን ያህል ዓይነት በሽታ ተሸክሟል እያሉ ይቆጥሩልናል። ልጁ ትንሽ ሳለ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል። አድጎ የሥነ ሕይወት ትምህርት ሲማር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ወይም ለሥራ ባሕር ሲሻገር ግን የአሳማ ሥጋ እየበሉ ጤናማ ሆነው ሰማንያ ዓመት የሚኖሩ ሰዎችን ያያል። በዚያን ጊዜ የሚፈርሰው የነገርነው ምክንያት ብቻ ቢሆን ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ሐራምነቱን በዚያ ምክንያት ላይ ብቻ ስላቆምንለት ሐራምነቱም አብሮ ይናወጥበታል። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ የአሳማን ጥቅምና ጉዳት፣ የታሪኩንም መንገድ አብረን እንመርምርና ይህ መልሳችን የጸና ምሰሶ መሆን አለመሆኑን እንይ።

ሁለት ጎረቤት፣ አንድ እምቢታ

እንደሚታወቀው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 እሪያን ከማይበሉት እንስሳት ይቆጥሩታል። የሚሰጡትም ምልክት ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም የማያመሰኳ መሆኑን ነው። ስለ ትልም ሆነ ስለ በሽታ የሚሉት ነገር የለም። በሮም ሥር ያደገው ክርስትና ይህ ሕግ አብቅቷል ብሎ ተወው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ግን እስከ ዛሬ አሳማ ባለመብላት ጸንተዋል።

በዚህ ረገድ የእኛ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) በዘመናቸው ከተነሱት ታላላቅ ክርክሮች አንዱ የኦሪት ሥርዓት ለክርስቲያን ምን ያህል ይገባዋል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1450 እዚሁ አቅራቢያችን ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት ከእሑድ ጋር እንዲከበር ተወሰነ። ስለዚህ የኦሪትን ነገር ማክበር በዚህ ምድር ላይ እንግዳ አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የውጭ ሰው ጠየቀ። ዐፄ ገላውዴዎስ (እ.ኤ.አ. 1540-1559) ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት የፖርቱጋል ወታደሮች ረድተዋቸው ነበር። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1543 በወይና ደጋ ካበቃ በኋላ የካቶሊክ ቄሶች መጡና "እናንተ ሰንበትን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ እሪያም አትበሉም፤ ስለዚህ አይሁድ ሆናችኋል" ዓይነት ክስ አቀረቡ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፈው ለሦስቱም ነጥቦች መልስ ሰጡ። ስለ ግርዛት የተናገሩት የአገር ልማድ ነው፣ ፊትን እንደ መብጣት፣ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ብለው ነው። ስለ እሪያ ደግሞ የማንበላው እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ለመጠበቅ ብለን አይደለም፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም የሚል ሐሳብ አስፍረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ንጉሡ ስለ ጤና አልተናገሩም፣ ስለ ትልም አላነሱም። ከእርሳቸው እምነት አንጻር አለመብላቱ የሕግ ግዴታ ሳይሆን እንደ ልማድ ያለ ነገር ነው። እኛ ሙስሊሞች ግን ልማድ ነው ማለት አንችልም። በእኛ ዘንድ ጉዳዩ የቁርኣን ቃል ነው። በአንድ ማዕድ ላይ የማይቀርብ አንድ ሥጋ ቢሆንም ሁለቱ ጎረቤቶች ከተለያየ በር ገብተው ነው እዚያ የደረሱት። የተወሰደው ምክንያት ሲለያይ ደግሞ ጽናቱም ይለያያል። ልማድ በአዲስ ልማድ ይሻራል። የአላህ (ሱ.ወ.) ትእዛዝ ግን በዘመን ብዛት አይሻርም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም

የቤት አሳማ የመጣው ከዱር አሳማ ነው። የሰው ልጅ ከ9 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ በምሥራቅ አናቶሊያ (በዛሬዋ ቱርክ) እና በቻይና ለየብቻ አላመደው። የእኛ ቆላ ከርከሮ የአሳማ ዘመድ ነው እንጂ የቤት አሳማ አባት አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ አሳማ ይረባ ነበር። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ግን ግብፃውያን አሳማ የነካቸው እንደሆነ ወደ ወንዝ ወርደው ይታጠቡ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ መብላቱም መጸየፉም የቆየ ነገር ነው።

አሁን ስለ ሥጋው እውነቱን እንናገር። ጮማው የተለየለት 100 ግራም የአሳማ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ይህም ከበሬ ሥጋ ጋር የሚቀራረብ ነው። ታያሚን በሚባለው ቫይታሚን የበሬን ሥጋ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ይህ ቫይታሚን ሲጎድል ቤሪቤሪ የሚባለው የነርቭና የልብ በሽታ ይመጣል። በብረት ማዕድን ደግሞ የበሬው ሥጋ ይሻላል። የአሳማ ጮማ ብዙ ነው የሚባለው እንደ ብልቱ ነው፤ ከጀርባው የሚወጣው ቀይ ሥጋ ስቡ ጥቂት ሲሆን፣ ከሆዱ የሚወጣው ግን አብዛኛው ስብ ነው።

ከርቢው አንጻርም ቢሆን አሳማ ትርፋማ እንስሳ ነው። እርግዝናዋ 114 ቀን ያህል ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ግልገሎች ልትወልድ ትችላለች። የበላችውን መኖ ወደ ሥጋ በመለወጥ ከከብት ትበልጣለች። በመሆኑም የአሳማ ሥጋ ከዶሮ ጋር በዓለም በብዛት ከሚበሉት ሁለት ሥጋዎች አንዱ ሲሆን ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉን የምታመርተው ቻይና ናት።

ሌላም አለ። የስኳር በሽተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለ60 ዓመት ያህል ይወጣ የነበረው ከአሳማና ከከብት ጣፊያ ጎን ካለው ዕጢ (ከቆሽት) ነበር። በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዘጋጀው ኢንሱሊን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ደግሞ በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባሕርይው በሳይንስ የተስተካከለ የአሳማ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተተከለ። ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ኖሯል። ይህን ምርምር ለብዙ ዓመታት ከመሩት ሐኪሞች አንዱ ፓኪስታን ተወልደው የተማሩት ዶክተር ሙሐመድ ሞሂዩዲን መሆናቸው ሊያስደንቀን ይችላል።

እንግዲህ "አሳማ ምንም ጥቅም የለውም" ያልነው ልጅ ይህን ሁሉ አንብቦ ቢመጣ ምን እንለዋለን? መምህሮቼ ዋሽተውኛል ቢል ማን ይወቅሰዋል? ሃይማኖታችን ውሸት አያስፈልገውም። ለሐቅ ተብሎ የሚነገር ውሸትም ሐቅን አያገለግልም።

የትሉ ነገር

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። ሃይማኖት የከለከለውን ነገር በጤና ምክንያት መተርጎም የቆየ ነው። በካይሮ ሐኪም የነበረው የአይሁድ ሊቅ ሙሳ ኢብኑ መይሙን (እ.ኤ.አ. በ1204 የሞተ) አሳማ የተከለከለበት ዋናው ምክንያት የአኗኗሩና የምግቡ ቆሻሻነት ነው ብሎ ጽፏል። ቢፈቀድ ኖሮ መንገዱና ቤቱ ሁሉ ይቆሽሽ ነበር ይላል። ሐኪም ነበርና የሐኪም ዓይን ነበረው።

የትሉ ወሬ ግን የመጣው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ጄምስ ፓጄት የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ በአንድ አስከሬን ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ትሎችን አየ። ትሪኪና የሚባለው ትል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ፍሪድሪክ ዜንከር የተባለ የጀርመን ሐኪም ይህ ትል ሰው እንደሚገድልና የሚመጣውም ከአሳማ ሥጋ መሆኑን በድሬስደን አረጋገጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1855 ሌላው ጀርመናዊ ኪውከንማይስተር ረጅሙ የአሳማ የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በአሳማ ሥጋ ውስጥ ካለው እጭ መሆኑን አሳይቶ ነበር። እነዚህ ዜናዎች ሲሰሙ በየሃይማኖቱ ያሉ ሰዎች ተደሰቱ። "ይኸውላችሁ፣ የተከለከለበት ምክንያት ተገኘ" አሉ። እኛም ይህን ተቀብለን እስከ ዛሬ እናስተምራለን።

በእርግጥ የአሳማው የኮሶ ትል ቀላል ነገር አይደለም። እጩ ወደ አንጎል ሲገባ የሚጥል በሽታ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ትሉ በተስፋፋባቸው አገሮች የሚጥል በሽታን ከሚያመጡ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ ሥጋው በሚገባ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። በተጠበቀ ቤት የሚረባ፣ ንጹሕ መኖ የሚበላ አሳማም ትሪኪና ብዙም አይገኝበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 በትሪኪና የተያዙት ሰዎች በዓመት በአማካይ ከ20 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ምንጩ ከታወቀው ውስጥ ብዙው የመጣው እንደ ድብ ካለ የዱር አውሬ ሥጋ ነበር። ሐራምነቱ በትሉ ምክንያት ከሆነ ትሉ ሲጠፋ ሐላል ይሆናል ማለት ነው። ይህን የሚል ሙስሊም የለም።

ሁለተኛ፣ የእኛን የራሳችንን ታሪክ እንይ። ኢትዮጵያውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የታመሙበት ትል የበሬው የኮሶ ትል ነው። የሚመጣውም ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ስሙን ያገኘው ለመድኃኒትነት ከሚጠጣው ከደጋችን የኮሶ ዛፍ ነው። ሰው በየጊዜው የኮሶ አበባ አዘጋጅቶ ይጠጣ እንደነበር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ መዝግቦታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ትል ሐራም የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር ቀድሞ ሐራም መሆን የነበረበት በሬ ነበር። በሬ ግን ቢስሚላህ ተብሎ እስከታረደ ድረስ ሐላል ነው።

ሦስተኛ፣ አለመብላት ብቻውን ከዚህ ትል አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት በኒውዮርክ ከተማ ይኖሩ ስለነበሩ አራት አጥባቂ አይሁዳውያን ዘገባ አውጥቶ ነበር። የአሳማው ትል እጭ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ ታመዋል፣ የአሳማ ሥጋ ግን በሃይማኖታቸው አይበሉም። የትሉ እንቁላል የደረሳቸው ትሉ ከተስፋፋባቸው አገሮች ከመጡ የቤት ሠራተኞች እጅ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገመተ። እንቁላሉ የሚወጣው ከሰው ሰገራ ነውና ከዚህ በሽታ የሚያድነው እጅን መታጠብና መጸዳጃን መጠበቅ ነው። አሳማ አልበላምና ደህና ነኝ ብሎ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሌላው ደግሞ የካንሰር ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ቀይ ሥጋም ሊያመጣ እንደሚችል አስታውቋል። አንዳንዶች ይህን በአሳማ ላይ ብቻ ይጠቅሱታል። በቀይ ሥጋ ውስጥ ግን በሬውም በጉም ተቆጥረዋል። ማስረጃን ግማሹን ይዞ ግማሹን መደበቅ የአማና ሥራ አይደለም።

በሬና በግ ባሉበት ደጋ

አንዳንድ የዘመናችን ምሁራን ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። አሜሪካዊው ማርቪን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አሳማ የተከለከለው ለመካከለኛው ምሥራቅ ሞቃትና ደረቅ ምድር ስለማይመች ነው አለ። አሳማ ጥላና ውሃ ይፈልጋል፣ ከሰው ጋር እህል ይሻማል፣ ወተት አይታለብም፣ አያርስም ብሎ ተከራከረ።

ይህ አባባል ለደጋችን ሰው በቀላሉ ይገባዋል። በደብረ ብርሃን ሜዳ በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ብርዱን ያስታግሳል። ከመንዝ በግ ሱፍ በርኖስና ባና ይሠራል። በዚህ ሁሉ መካከል አሳማ ሥጋ ከመሆን በቀር ምን ሥራ ይኖረዋል? ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ባለበት አገር የአሳማው ቁጥር በጥቂት አሥር ሺዎች የሚገመተው በሃይማኖቱም በኑሮውም ምክንያት ነው።

ነገር ግን ይህም ቢሆን ምክንያቱን አይጨርሰውም። አሳማ በዚያው በመካከለኛው ምሥራቅ ለሺህ ዓመታት ሲረባ ኖሯል። ግመልም በአብዛኛው ለእርሻ አይውልም፣ ግን ተፈቅዷል። ለአሳማ በሚመቹት በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ዝናባማ ደኖች የሚኖሩ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞችም አይበሉትም። የአየር ጠባዩ ተለውጧል፣ ትእዛዙ ግን አልተለወጠም።

ሒክማና ዒላ

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? ፊቅህ የተማረ ሰው ሁለት ቃላትን ለይቶ ያውቃል። አንዱ ሒክማ ሲሆን ከብይኑ በስተጀርባ ያለው ጥበብና ጥቅም ነው። ሌላው ዒላ ሲሆን ብይኑ የታሰረበት ምክንያት ነው። ብይን የሚጸናውና የሚነሳው ከዒላው ጋር ነው እንጂ ከሒክማው ጋር አይደለም።

ምሳሌ እንስጥ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሰላትን ለማሳጠር ከሚፈለገው ርቀት ያልፋል። አያቶቻችን ይህን መንገድ በእግርና በበቅሎ ቀናት ፈጅተው ሲጓዙ ድካሙ ግልጽ ነበር። ዛሬ ሰው ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደርሳል። ድካሙ ስለቀነሰ ማሳጠሩ ተከለከለ እንላለን? አንልም። ዒላው ጉዞው ነው፣ ድካሙ ሒክማው ነው። በሌላ በኩል በቤቱ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውል ሰው ከተጓዡ ይልቅ ቢደክምም አያሳጥርም።

የአሳማም ነገር እንዲሁ ነው። ቁርኣን በአራት ቦታ፣ ማለትም በአል-በቀራህ 173፣ በአል-ማኢዳህ 3፣ በአል-አንዓም 145 እና በአን-ነሕል 115 ከልክሎታል። በአል-አንዓም ምዕራፍም ርጅስ መሆኑን ነግሮናል። ርጅስነት የአላህ (ሱ.ወ.) ፍርድ ነው። ሐኪም ቤት ወስደን በማይክሮስኮፕ የምናረጋግጠው ወይም የምንሽረው አይደለም። ትሉ፣ ጮማው፣ ቆሻሻው ከሒክማው ሊሆን ይችላል። ካገኘነው አልሐምዱ ሊላህ፣ ካላገኘነውም ብይኑ ባለበት ነው።

ከዚህም በላይ ቁርኣን ራሱ አንድ ነገር ጥቅም እያለው ሊከለከል እንደሚችል አስተምሮናል። በአል-በቀራህ 219 ስለ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች ጥቅም እንዳላቸው አልካደም። ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነገረን እንጂ። የመጠጥን ጥቅም ቁርኣን ካልካደ እኛ የአሳማን ቫይታሚን ለመካድ የምንደክመው ስለ ምንድን ነው?

ሰሐቦችም በዚህ መንገድ ነበሩ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሐጀረል አስወድን ሲስሙ ድንጋይ መሆኑን፣ የማይጎዳና የማይጠቅም መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲስሙት ስላዩ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል። ሰይዲና ዐሊይም (ረ.ዐ.) ሃይማኖት በሰው አስተያየት ቢሆን ኖሮ ኹፍን ከላይ ይልቅ ከታች ማበስ የተሻለ በሆነ ነበር የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረዋል። መሬት የሚረግጠው ታችኛው ነውና። ሁለቱም ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ አእምሮ ያገለግላል፣ ትእዛዝ ግን ይቀድማል።

የክፉ ቀን ብይን

በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ማስረጃ ግን በዚያው አሳማን በከለከሉት አንቀጾች ውስጥ ይገኛል። አራቱም ሲከለክሉ ሳይወድ በግድ ለተቸገረ ሰው መውጫ ሰጥተዋል። ርሃብ ሊገድለው የደረሰ፣ ሌላ የሚበላ ያጣ ሰው፣ ወሰን ሳያልፍ ከአሳማም ከሞተም ቢበላ ኃጢአት የለበትም። በሻፊዒዮች ዘንድ የጠነከረው አስተያየት ነፍሱን የሚያቆይበትን ያህል ብቻ ይብላ የሚለው ሲሆን፣ ኢማሙ ማሊክ ግን ጠግቦ እንዲበላና ለመንገዱም እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። ብዙ ዑለማእ እንዲያውም ሞትን የፈራ ሰው መብላቱ ግዴታው ነው፣ እምቢ ብሎ ቢሞት ይጠየቃል ብለዋል።

ይህ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር ጉዳይ አይደለም። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ የሸዋን ደጋ ሳይቀር ባዶ አድርጎ ነበር። የከብት በሽታ ከምጽዋ በኩል ገብቶ ከአገሩ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩ። በዚያን ጊዜ ሰዎች የዱር ሥር ቆፍረው፣ አሮጌ ቁርበት ቀቅለው፣ በደህና ጊዜ የማይነኩትን እንስሳ ሁሉ በልተው ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሞክረዋል። ሸሪዓ ለእንዲህ ያለው ቀን በሩን ክፍት አድርጎ ነበር የጠበቃቸው።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ በጥሞና አስብ። ትናንት ሐራም የነበረው ሥጋ ዛሬ ለተራበው ሰው ተፈቀደ። ሥጋው ተለወጠን? አልተለወጠም። ትል ካለበት ትሉ አለ፣ ቫይታሚን ካለው ቫይታሚኑም አለ። አሳማ መርዝ ቢሆን ኖሮ አላህ (ሱ.ወ.) ለሚሞት ባሪያው መርዝን መድኅን አድርጎ ባልሰጠው ነበር። የሰው ነፍስ የሚያቆየውስ በውስጡ ምግብነት ስላለ አይደለምን? የተለወጠው ትእዛዙ ነው። ስለዚህ ሲከለክለንም ሲፈቅድልንም የምንከተለው ያንኑ አንድ አዛዥ ነው። አሳማን ማስተባበል ይህን ጥበብ ከእጃችን ያወጣዋል።

ልጆቻችንን ምን እንበላቸው?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር ሦስት ነው።

መጀመሪያ፣ ልጅ ሲጠይቀን በአጭሩ "አላህ (ሱ.ወ.) ከልክሎናል፣ እኛም ሰምተናል ታዘናልም" እንበለው። ከዚያ በኋላ ስለ ጤና የሚነገረውን እውነት ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናስረዳው። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ታያሚን ቢማር፣ ውጭ አገር ሄዶ አሳማ ከሚበሉ ሰዎች ጋር ቢሠራ አይናወጥም። ያመነበት ነገር በሥነ ምግብ መጽሐፍ ላይ የቆመ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ የሚበሉትን አናዋርድ። ባሕር ተሻግረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ከሚበሉ ሰዎች ጋር ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሆነዋል። በአገራችንም ከውጭ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር በየፋብሪካው የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። "አሳማ የሚበላ ሰው ጠባዩም እንደ አሳማ ይሆናል" የሚለው ንግግር ማስረጃ የሌለው ስድብ ነው። ሰውን የሚመዝነው አላህ ነው። ከማዕዳቸው መራቅ ግዴታችን ሲሆን፣ መልካም ቃል መናገርም ግዴታችን ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በእምነት ከእኛ ቢለዩም፣ ያልበሉትን የሚበሉ ሰዎች ባሕር አቋርጠው መጥተው ሲወቅሷቸው በስድብ አልመለሱም። ከእርሳቸው ብዙ ዓመታት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡ የለመደውን ሥርዓት በኃይል ሊያስለውጡ ሲሞክሩ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632ም ነገሩን ለመተው ተገደዱ። የሰውን እምነት ከሰው ጉሮሮ በኃይል ማውጣትም ማስገባትም አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ሐላሉን በንጽሕና እንብላ። ከአሳማ ርቀን ሳለ ሳይመረመር ከየጓዳው የታረደውን ጥሬ ሥጋ የምንበላ፣ ከመጸዳጃ ወጥተን እጃችንን ሳንታጠብ ማዕድ የምንቀርብ ከሆነ ስለ ትልና ስለ በሽታ የምንሰብከው ስብከት በራሳችን ላይ ይመሰክራል። ቁርኣን ብሉ ሲል ሐላል ብቻ ብሎ አላቆመም፣ ጦይብ የሆነውንም ጨምሯል። ሐላሉን የሚወስነው ሸሪዓ ነው፤ ጦይብ ሆኖ ማዕዳችን ላይ እንዲቀርብ ማድረግ ግን የእኛ እጅ ሥራ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የሚሰሙትንና ከሰሙት መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።